ልቦለድ ሲጀመር መደብ በየት በኩል ይግባ? ሁለት የጅማ መክፈቻዎች ለትችት

አዌቱ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ልቦለድ ይዣለሁ። ታሪኩ የሚጀምረው ከጅማ ወጣ ብሎ ባለው ማና ወረዳ፣ በቡና ለቀማ ወቅት ነው።

ጥያቄዬ ስለ መጀመሪያው ገጽ ብቻ ነው። አንባቢ ሁለት አንቀጽ አንብቦ ሦስት ነገር እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። የት ነን? ይቺ ልጅ ምን ዓይነት ሰው ናት? ከማን በላይ፣ ከማን በታች ትኖራለች? የሚከብደኝ ሦስተኛው ነው። ቦታ በአንድ ዛፍ ሊታይ ይችላል። ጠባይ በአንድ ንግግር ይወጣል። መደብ ግን ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ (ተማሪዎቼም ጭምር) መደብን በልብስና በቤት ሊነግረን ይሞክራል። «የተቀደደ ነጠላ ለብሳለች»፣ «ቤቱ ባለ ፎቅ ነው»። ይሄ ለእኔ አይበቃም። እኔ መጀመሪያ የማየው ማን ማንን እንደሚጠብቅ ነው። ድሃ ይጠብቃል፤ ሀብታም ይጠበቃል። መክፈቻው ላይ አንድ ሰው ቆሞ ሌላውን ሲጠብቅ ካሳየን፣ ስለ ልብሱ ባንናገርም አንባቢው ይገባዋል።

ቶልስቶይ «አና ካሬኒና»ን የጀመረበትን ተመልከቱ። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ስለ ደስተኛና ደስታ ስለራቃቸው ቤተሰቦች የሚናገረውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው። ባል ከቀድሞዋ የልጆቹ አስተማሪ ጋር ሲማግጥ ሚስት ደርሳበታለች። ቤቱ ታመሰ። ወጥ ቤቱ በምሳ ሰዓት ጥሎ ወጣ። ሠረገላ ነጂው ሒሳቡን ጠየቀ። በአንድ አንቀጽ ውስጥ ይሄ ቤት ስንት ሰው እንደሚያስተዳድር፣ ማን እንደሚያገለግል አወቅን። ሩሲያ ውስጥ ገባርነት የቀረው በ1861 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልቦለዱ የወጣው በ1870ዎቹ። ከዚያ በፊት የጌታ ንብረት የነበረ ወጥ ቤት ጥሎ መሄድ አይችልም ነበር። ስለዚህ የወጥ ቤቱ መውጣት ዘመኑንም ይነግረናል።

እስቲ የእኔን ሁለቱን እዩልኝ።

ሀ፦ «ጥቅምት ነው። የጅረን ጋራ ጭጋግ ለብሷል። አዌቱ ከክረምቱ ጎርፍ ገና አልጠራም። ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው ቀልቶ ተንዠርግጓል።»

ለ፦ «ጫልቱ ኬሻውን ከጀርባዋ ሳታወርድ ቆመች። ሚዛኑ ጋ ሰው የለም። ሚዛን ያዡ ቁርስ ላይ ነው። ከኋላዋ ሰባት ሰው ተሰልፏል። ፀሐይዋ እየጠነከረች ነው። ሙስጠፋ ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣ «ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት።»

የቱ ይሻላል? ምንስ ይጎድለዋል?

የጎማው ልጅ

ሰላም እህቴ። እኔ ያደግኩት በቡና ሥራ ነው። አሁንም ያለሁት እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ነው። ለ ይሻላል። ሰዓቱ ግን አልተዋጠልኝም።

ጠዋት ሚዛን ላይ ሰልፍ የለም። ጠዋት ሁሉም ቡናው ውስጥ ነው። ሰልፉ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ አሥር ሰዓት ላይ ነው። እሸት ቡና ደግሞ አያድርም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መቡካት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ለዚህ ነው ሚዛኑ ላይ ሁሉም የሚቸኩለው። ሰዓቱን ብቻ ብታስተካክዪ የጫልቱ ጥበቃ ይከብዳል። ሚዛን ያዡ በጠዋት ቁርስ ቢበላ ማንም አይጎዳም። በአሥር ሰዓት ሻይ ለመጠጣት ከተነሣ ግን ሰልፉ ላይ ያሉት ሁሉ ይጎዳሉ።

ሌላው፣ ለቃሚ ቀጥታ ሚዛን ላይ አትወጣም። መጀመሪያ የለቀመችውን ሸራ ላይ ትዘረግፋለች። አረንጓዴው ከቀዩ ይለያል። «ይሄን አውጪ፣ ያንን አውጪ» ትባላለች። ተንበርክካ ታወጣለች። ከዚያ ይመዘናል። ከዚያ ለኬሻው ክብደት ተብሎ ይቀነሳል። ምን ያህል እንደሚቀነስ ሚዛን ያዡ ያውቃል። ክፉ ሚዛን ያዥ አይቻለሁ፣ ደግም አይቻለሁ። መደብ የምትፈልጊ ከሆነ እዚያ ሸራ ላይ አለልሽ፤ መኪናው ባይኖርም ይታያል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ፈረሱላ» የሚለውን ቃል ነጋዴው አፍ ላይ አድርጊው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ለቃሚ የምታስበው በኪሎ ነው፤ ነጋዴ በፈረሱላ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ገጽ ላይ ከተገናኙ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግሽም።

ንባብ ማታ ማታ

እኔ ለ«ሀ» ጥብቅና ልቁም። ሁሉም ሰው በአየር ጠባይና በመልክዓ ምድር መጀመርን ይነቅፋል። ነቀፋው ግን የሚገባው ሰው ለሌለበት ገለጻ ነው።

ዲክንስ «ብሊክ ሃውስ»ን የጀመረው በለንደን ጭቃና ጭጋግ ነው። ልቦለዱ በየወሩ እየታተመ የወጣው በ1852 እና በ1853 እ.ኤ.አ. ነው። ጭጋጉ ወንዙ ላይ አለ፣ ረግረጉ ላይ አለ፣ መርከቦቹ ላይ አለ። የመርከቡ አዛዥ ሞቅ ባለች ጠባብ ክፍሉ ተቀምጦ ፒፓ ያጨሳል፤ ጭጋጉ እሱን የሚያገኘው በፒፓው ውስጥ ነው። ሥራ ተማሪው ትንሽ ልጅ ደግሞ ውጭ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ ጭጋጉ እሱን የእግርና የእጅ ጣቶቹን እየቆነጠጠ ያሠቃየዋል። አንድ ጭጋግ ነው፤ በሁለት ሰው ገላ ላይ ሁለት ዓይነት ሆነ። ከዚያ ጭጋጉ እየወፈረ ሄዶ መሃሉ ላይ ማን ተቀምጦ እናገኛለን? የፍርድ ቤቱ የበላይ ዳኛ። ገና ስለ ሙግቱ አንድ ነገር ሳይነገረን በማን ላይ እንደምንፈርድ አውቀናል።

ስለዚህ እህቴ፣ የጅማን ጭጋግ አትጣዪው። ሰው ላይ አሳርፊው። ጅማ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው፤ ቀዩ ጭቃ ደግሞ ዝነኛ ነው። ቦቲ ያደረገው ማን ነው? ኮንጎ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ የቀረባት ማን ናት? ጭቃውን ጨርሶ ሳይረግጥ የሚውለውስ?

ቦሳ ቂጦ

ሀን ወድጄዋለሁ። አገሬን አየሁበት። ይሄው ነው።

አዌቱ ዳር

የጎማው ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሸራውን ከአንተ ባልሰማ ኖሮ ከየትም አላገኘውም ነበር። ንባብ ማታ ማታ፣ የመርከቡን ልጅ ስላስታወስከኝ አመሰግናለሁ። ጭቃውን እወስዳለሁ። ጭጋጉን ግን አልወስድም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጥቅምት ጭጋግ የለም።

አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። የጅማ ሰው ሀን ሲያነብ አገሩን ያያል። ጎንደር ያለ አንባቢ ግን «ጅረን» ሲባል ምን ያያል? ተራራ ብቻ። ስም ብቻውን ለባዳ አንባቢ አይናገርም።

የሂርማታ ሰው

ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ለመጻፍ ጣቴ ዘገምተኛ ነው። ግን ይሄን ጉዳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ታሪክሽ በየትኛው ዘመን ነው? ይሄን አልነገርሽንም። በጅማ ቡና ላይ ማን ከማን በላይ እንደሆነ ዘመኑ ካልታወቀ አይታወቅም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከሆነ (ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነው የገዙት) ቤተ መንግሥቱ ከላይ ጅረን ላይ ነው፤ ገበያው ከታች ሂርማታ ነው። ያ የሐሙስ ገበያ ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነበር። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይሸጥበት ነበር። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ይሄን የሚያውቅ ጸሐፊ ሂርማታን እንደ ማንኛውም ገበያ አድርጎ መክፈቻው ላይ ሊያስገባው አይችልም።

ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ከሆነ ባለ መሬት አለ፣ ጭሰኛ አለ። ሚዛኑ ጋ የሚቆመው የባለ መሬቱ ሰው ነው። በደርግ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ዋናው ቡና ገዢ የመንግሥት ድርጅት ነው፤ ገበሬው ኮታ አለበት። ያኔ የሚፈራው ሰው ባለ መኪናው ነጋዴ አይደለም፤ ባለ ማኅተሙ ነው። ከዚያ ወዲህ ነው ሰብሳቢው፣ አቅራቢው፣ ላኪው ተደራርቦ የመጣው።

ይሄን ሁሉ መክፈቻው ላይ ተርኪ አላልኩሽም። አንድ ዕቃ ይበቃል። ማኅተም ወይም ሬዲዮ ወይም የእጅ ስልክ። አንባቢው ዘመኑን ከዕቃው ያነባል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ያደረጉትን አስቢ። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ልናነብ መጽሐፉን ከፈትን። እሳቸው ግን የወሰዱን ወደ ማንኩሳ፣ ወደ በዛብህ እናትና አባት ቤት ነው። ልጁ ከመወለዱ በፊት የወጣበትን ቤት አየነው። እሱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ልጅ እንደሆነ አወቅን። ኋላ የፊታውራሪ መሸሻ ደጅ ላይ ሲደርስ፣ በእነሱና በእሱ መካከል ያለው ርቀት ማብራሪያ አላስፈለገውም። መክፈቻው ሠርቶ ጨርሶታል። አንዳንድ ሰው «ዘገየ» ይላል። እኔ አልዘገየም እላለሁ። ያ ቤት ባይኖር ፍቅሩ ያን ያህል ባልከበደን።

አዌቱ ዳር

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ ዘመኑን መግለጽ ነበረብኝ። ታሪኩ በ1994 ዓ.ም. ነው። የዓለም የቡና ዋጋ የወደቀበት ጊዜ። በየቦታው ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለበት። ስለዚህ እርስዎ ካሉት ዕቃ ሬዲዮውን እወስዳለሁ። ነጋዴው መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ይሰማል፤ ወሬው ከለቃሚዎቹ በፊት እሱ ጋ ይደርሳል። ጫልቱ ዋጋው መውደቁን የምታውቀው ሚዛኑ ላይ ስትደርስ ነው።

የካምፓስ አንባቢ

ሰላም ቲቸር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ጅማ የመጣሁት ለትምህርት ነው። ስለ ስም ያልሽውን አረጋግጥልሻለሁ። «ፈረንጅ አራዳ» ሲባል መጀመሪያ የሰፈር ስም ብቻ ነበር የመሰለኝ። ቆይቶ ነው የድሮ ነጋዴዎችንና የጣሊያን ጊዜ ቤቶችን ታሪክ የሰማሁት። መክፈቻ ላይ የሰፈር ስም ስትጽፊ አንድ ሰው እዚያ ሰፈር አንድ ነገር ያድርግ። በር ላይ ቆሞ ይከልከል፣ ወይም ሳያንኳኳ ይግባ። ያኔ የማያውቀውም ይገባዋል።

ሌላ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ሀብታሙንም ድሃውንም በአንድ ዓይነት ግስ ይጽፋል። አማርኛ ላይ ተራኪው ማምለጫ የለውም። ሰው በሩን ሲከፍት «ገባ» ይበል ወይስ «ገቡ»? ገና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ መወሰን አለበት። ውሳኔው ደግሞ የተራኪውን ቦታ ያሳያል።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ሙስጠፋ ወጣት ይሁን፤ ተራኪዋ «መጣ»፣ «ወረደ» ትበለው። ሠራተኞቹ ግን «እርስዎ» ይበሉት። ሰልፉ ላይ ደግሞ አንዲት አሮጊት አቁሚ። ተራኪዋ «አሉ»፣ «ተጠጉ» ትበላቸው። ሚዛን ያዡ ግን «አንቺ» ይበላቸው። አንድም የቁጣ ቃል ሳትጽፊ አንባቢው ይናደዳል።

ንባብ ማታ ማታ

የካምፓስ አንባቢ፣ ይሄ የዚህ ውይይት ምርጥ ሐሳብ ነው። ለተራኪዋም ጠባይ ይሰጣታል። ማንን እንደምታከብር ነገረችን ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ከአፍሪካ ነው። ቺኑዋ አቸቤ በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» ሲጀምር ኦኮንኮ በዘጠኝ መንደር የታወቀ ሰው ነው። ገና በ18 ዓመቱ ሰባት ዓመት ያልተሸነፈ ታጋይ ጥሏል። ዝናው ከራሱ ክንድ የመጣ ነው። ለምን ይሄን መጀመሪያ ነገረን? ወዲያው አባቱን ስለሚያመጣው ነው። አባቱ ኡኖካ ዋሽንት የሚወድ፣ ዕዳ የተሸከመ ሰው ነው። ጎረቤቱ ኦኮዬ ሊጎበኘው ይመጣል። ኮላ ይቆርሳሉ። ጎረቤቱ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሁለት መቶ ዛጎል ዕዳውን ይጠይቃል። ኡኖካ ይስቃል። ግድግዳው ላይ በኖራ ያሰመራቸውን መስመሮች ያሳየዋል። እያንዳንዱ የመስመር ቡድን ለአንድ ሰው ያለበት ዕዳ ነው። ትልልቆቹን እከፍላለሁ መጀመሪያ፣ ያንተ ትንሽ ናት ይለዋል።

እዚያ ግድግዳ ላይ ቦታው አለ፣ ጠባዩ አለ፣ መደቡ አለ። ኡኖካ ድሃ ነው ተብለን ብቻ ብናልፍ እንረሳው ነበር። ግድግዳውን ግን አንረሳውም። ኦኮንኮ ዕድሜውን ሙሉ የሚሸሸውም ያንን ግድግዳ ነው። አዌቱ ዳር፣ ለጫልቱም አንድ እንዲህ ያለ ነገር ፈልጊላት። አሁን ባለው መክፈቻ ድካሟን እናያለን፤ እሷን ግን ገና አላየናትም። ቁጡ ናት? አስተዋይ ናት? ትፈራለች?

የሂርማታ ሰው

ዕውነት ነው። ቋንቋንም አትርሺ ልጄ። በእኛ አገር ሰው እንደ ጉዳዩ ቋንቋ ይቀይራል። ነጋዴው ከለቃሚዎቹ ጋር በኦሮምኛ ይጫወታል፣ ይስቃል። ሒሳብ ሲሆን ወደ አማርኛ ይዞራል። መጽሐፍሽ በአማርኛ ነውና ሁሉንም አትጻፊ፤ «ወደ አማርኛ ዞረ» ብትዪ ይበቃል። አሮጊቷንም «ወይዘሮ» አትበያቸው። «አዴ» ይባሉ።

አዌቱ ዳር

ሁላችሁንም ሰምቼ እንደገና ጻፍኩት። ይኸው።

«ጫልቱ የለቀመችውን ሸራው ላይ ዘረገፈች። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሚዛን ያዡ ቡናውን በቦቲው ጫፍ ገፋ አደረገው። «አረንጓዴውን አውጪ» አላት። ተንበረከከች። አንድ እግሯ ባዶ ነው፤ ኮንጎ ጫማዋ መንገድ ላይ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። ከኋላዋ አዴ ፋጡማ ኬሻቸውን ከጀርባቸው አላወረዱም። «አንቺ፣ ጠጋ በይ» አላቸው ሚዛን ያዡ። ተጠጉ። ፒክአፑ ሲመጣ ሚዛን ያዡ ከመቀመጫው ተነሣ። ሙስጠፋ ሬዲዮውን ሳያጠፋ ወረደ። አዴ ፋጡማን በኦሮምኛ ስለ ልጆቻቸው ጠየቃቸው። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረ። «ዛሬ ስንት ፈረሱላ ገባ?» አለ። ጫልቱ ኪሎዋን በልቧ ቆጠረች።»

ሙስጠፋ ክፉ እንዲሆን አልፈለግኩም። ስለ ልጆቻቸው የሚጠይቀው ከልቡ ነው። ክፉ ቢሆን ነገሩ ሁሉ የእሱ ጠባይ ይመስል ነበር፤ እኔ ግን አንባቢው ሚዛኑን እንዲያይ ነው የምፈልገው።

የካምፓስ አንባቢ

«ተጠጉ» የምትለው ቃል ብቻዋን መቆሟ ገደለኝ። እንዳትነኪያት። ሙስጠፋ በኦሮምኛ መጠየቁም ጥሩ ነው፤ ሰውየው ሰው ሆነ።

የጎማው ልጅ

ሸራው በትክክል ተቀምጧል። ቡና ውስጥ የኖረ ሰው ቢያነበው አይስቅብሽም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን ለውጪያት። ለቃሚ ሚዛን ላይ ደርሳ ኪሎዋን አትቆጥርም። ኬሻውን ስትሸከመው ነው የምታውቀው። ጀርባዋ ይነግራታል፤ ቢሳሳት በግማሽ ኪሎ ነው። ንባብ ማታ ማታ የጠየቀው ጠባይም እዚያ ላይ ሊወጣ ይችላል። እያወቀች ምን ታደርጋለች?

አዌቱ ዳር

እንዲህ ከሆነስ?

«ሃያ ስድስት ኪሎ ነው። ጫልቱ ከተሸከመችው ጀምሮ ታውቃለች። ሚዛን ያዡ ብረቱን ከማንሸራተቱ በፊት «ሃያ ስድስት» አለች፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። ሚዛን ያዡ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ደብተሩ ላይ ሃያ ሦስት ብሎ ጻፈ።»

ንባብ ማታ ማታ

አሁን አየኋት። «ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ» የሚለው ነው ያመጣት።

የጎማው ልጅ

ሆነ። ሦስት ኪሎ ለኬሻ መቀነስ ግፍ ነው፤ ያውም ሙስጠፋ አጠገቡ ቆሞ። ስለዚህ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሙስጠፋ ደብተሩን ማየት አለበት። አይቶ ምን እንደሚል ንገሪን።